ከዘይት ሃይድሮጅን ማውጣት፦ ኬሚስትሪውና ሂሳቡ

በቅርቡ በማኅበራችን የጥናት ክበብ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። «እኛ ኑግ የሚበቅልበት አገር ልጆች ነን። ከዘይት ሃይድሮጅን ማውጣት ከተቻለ፣ ከሃይድሮጅንም ማዳበሪያ የሚሠራ ከሆነ፣ ለምን በየዓመቱ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን?» የሚል ነው። ጥያቄው በዚያ ምሽት መልስ አላገኘም። ከፊሎቻችን «ይህ ሕልም ነው» ስንል፣ ከፊሎቻችን ደግሞ «ሕልም የሚሆነው ለማይሠራ ሰው ነው» አልን። ክርክሩ እየሞቀ ሄደ እንጂ ከሁለቱም ወገን ሂሳብ ያቀረበ አልነበረም።

ስለዚህ የኬሚስትሪና የምሕንድስና ትምህርት የምንከታተል አባሎች ነገሩን ከሥሩ መርምረን ለአንባቢዎቻችን እንድናቀርብ ኃላፊነት ተሰጠን። ጽሑፉ ኬሚስትሪ ላልተማሩ ጓዶችም እንዲገባ ፎርሙላዎቹን በቃል ተርጉመናቸዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ሃይድሮጅን ለምን ይፈለጋል?

ሃይድሮጅን ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው። ሆኖም በምድራችን ላይ ብቻውን ሆኖ በብዛት አይገኝም። ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ውሃ፣ ከካርቦን ጋር ተጣምሮ ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ፣ ነዳጅ፣ ስኳርና ዘይት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሃይድሮጅንን ማግኘት ማለት በአብዛኛው ኃይል አውጥቶ ከተጣመረበት ነገር ማላቀቅ ማለት ነው።

በ2023 ዓ.ም. ዓለም የተጠቀመችበት ሃይድሮጅን ወደ 97 ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። ብዙ ሰው ሃይድሮጅን ሲባል መኪናና ሮኬት ይታየዋል። በተግባር ግን አብዛኛው የሚውለው በነዳጅ ማጣሪያዎችና በአሞኒያ ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። አሞኒያ የዩሪያ እናት ናት። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በ1909 ዓ.ም. ከአየር የተወሰደ ናይትሮጅንንና ሃይድሮጅንን አጣምሮ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽም ሥራውን ወደ ፋብሪካ አሸጋግሮ በ1913 ዓ.ም. ኦፓው በተባለ ቦታ ምርት ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሃይድሮጅን ያለው ማዳበሪያ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሃይድሮጅን የሚመጣው ከሞላ ጎደል ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። እኛ ተቀምጠን በምንማርበት በዚህ ክፍለ ዓለም የማዳበሪያ ኢንዱስትሪ የተስፋፋበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት ጋዙ ከእግር ሥር መገኘቱ ነው። ጋዝ የሌለው ወይም ጋዙን ያላወጣ አገር «በሌላ ነገር መተካት አይቻልም ወይ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ከተተኪዎቹ አንዱ የአትክልት ዘይት ነው።

ለ. ዘይት ከምን ተሠራ?

የዘይትን ሞለኪውል ለማሰብ ሦስት ጣት ያለውን መንሽ ማስታወስ ይበቃል። እጀታው ግሊሰሮል ይባላል። ጣቶቹ ፋቲ አሲድ የሚባሉ ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 18 ካርቦን አላቸው። በየካርቦኑ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ተሰክቷል።

ዘይት ከዘይት የሚለየው በጣቶቹ ዓይነት ነው። በኑግ ዘይት የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህም በሰንሰለቱ ላይ ሁለት ድርብ ማሰሪያ ያለው ነው። በጎመንዘር ዘይት 22 ካርቦን ያለው ኤሩሲክ አሲድ ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል። በጉሎ ዘይት ደግሞ ከመቶ ሰማንያ አምስት የማያንሰው ሪሲኖሌይክ የተባለ አሲድ ነው። የጉሎ ዘይት ለምግብ አይሆንም። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሐ. ሥራው እንዴት ይካሄዳል?

ዘይቱን ከእንፋሎት ጋር ቀላቅሎ፣ ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ የብረት ካታሊስት ላይ ማሳለፍ ነው። ሥራው በሁለት እርከን ይፈጸማል። በመጀመሪያው እርከን የዘይቱ ሰንሰለት ይበጣጠስና ካርቦኑ ከውሃው ኦክስጅንን ነጥቆ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ሃይድሮጅኑም ይለቀቃል። ይህ እርከን ብዙ ሙቀት ይጠጣል። በሁለተኛው እርከን ካርቦን ሞኖክሳይዱ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ከተጨማሪ እንፋሎት ጋር ተገናኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ እንደገና ሃይድሮጅን ይወጣል። ይህ እርከን ጥቂት ሙቀት ይመልሳል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድልበት ያው ጋዝ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው እርከን የሚካሄደው ምርትን ለመጨመር ብቻ አይደለም። የአሞኒያ ካታሊስትም ሆነ አንዳንድ የነዳጅ ሴሎች በዚህ ጋዝ ይመረዛሉ።

ለምሳሌ በወይራ ዘይት በብዛት የሚገኘውን ትራይኦሌይን የተባለ ሞለኪውል እንውሰድ። በውስጡ 57 ካርቦን፣ 104 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አለ። ሥራው ሙሉ በሙሉ ከተፈጸመ አንድ የትራይኦሌይን ሞለኪውል ከ108 የውሃ ሞለኪውሎች ጋር ተዋሕዶ 57 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 160 የሃይድሮጅን ሞለኪውል ይሰጣል። ወደ ሚዛን ስንመልሰው 1 ኪሎ ዘይት ከ2.2 ኪሎ ውሃ ጋር ሆኖ 0.36 ኪሎ ሃይድሮጅን ይሰጣል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ከዚህ በላይ ማንም ሊያወጣ አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን ያስገረመ ነገር አለ። ከሚወጣው ሃይድሮጅን ከዘይቱ የመጣው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። ሁለት ሦስተኛው የመጣው ከውሃው ነው። በሌላ አነጋገር ዘይቱ ዋና ሥራው ሃይድሮጅን መስጠት ሳይሆን፣ በካርቦኑ አማካይነት የውሃን ኦክስጅን መንጠቅ ነው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። አንድ ኪሎ ዘይት ቢቃጠል ወደ 37 ሜጋጁል ሙቀት ይሰጣል። ከእርሱ የሚገኘው 0.36 ኪሎ ሃይድሮጅን ቢቃጠል ግን ከ43 ሜጋጁል በላይ ይሰጣል። ይህ ትርፍ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ምድጃውን ለማጋል ያወጣነው ሙቀት ነው። ውሃውን ለማትነን የሚሄደው ሙቀት ሲታከል ወጪው የበለጠ ይሆናል። ስለዚህ ከዘይቱ ከፊሉን ወይም ሌላ ነዳጅ ማቃጠል ግድ ነው።

መ. የብረቱ ድርሻ

ካታሊስት ማለት አንድን የኬሚካል ሥራ አፋጥኖ ራሱ ሳያልቅ የሚቀር ነገር ነው። ቃሉን በ1835 ዓ.ም. ለኬሚስትሪ ያስገባው ስዊድናዊው በርዜሊየስ ነው። አንዳንድ ጊዜ ካታሊስትን በእርሾ ሲመስሉት እንሰማለን። ነገር ግን እርሾ ሕይወት ያለው፣ ሊጡን እየበላ የሚራባ ነገር ስለሆነ ምሳሌው ልክ አይደለም። ካታሊስት ይበልጥ የሚመስለው ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌን ነው። ሁለቱን ቤተሰቦች ያገናኛል፣ ነገሩን ያሳጥራል፣ ከዚያም ወደ ቤቱ ይመለሳል። መቼም ሊሆን የማይችለውን ጋብቻ ግን ሽማግሌም አያስፈጽመውም።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ብረት ኒኬል ነው። በጥቃቅኑ ተበትኖ አሉሚና በተባለ፣ ሙቀት በሚችልና ብዙ ቀዳዳ ባለው ነገር ላይ ይቀመጣል። የዘይቱ ሰንሰለት በኒኬሉ ገጽ ላይ ሲያርፍ በካርቦንና በካርቦን መካከል ያለው ማሰሪያ ይላላና ይበጠሳል። የውሃውም ሞለኪውል እዚያው ገጽ ላይ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ካርቦኑ ከኦክስጅኑ ጋር፣ ሃይድሮጅኑም ከመሰሉ ጋር ተጣምሮ ገጹን ለቆ ይሄዳል፤ ቦታውም ለሚቀጥለው እንግዳ ክፍት ይሆናል።

የኒኬል ታሪክ ራሱ አስተማሪ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲየ በቱሉዝ ኒኬል ሃይድሮጅንን ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር እንደሚያጣምር አሳይቶ በ1912 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን ደግሞ በ1902 ዓ.ም. ይህንኑ ዘዴ በዘይት ላይ አውሎ ፈሳሹን ዘይት የረጋ የአትክልት ቅቤ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ በፓተንት አስመዘገበ። ያኔ ኒኬል ሃይድሮጅንን ወደ ዘይት ያስገባ ነበር፤ ዛሬ ሙቀቱና እንፋሎቱ ሲጨመርበት ያው ኒኬል ሃይድሮጅንን ከዘይት ያወጣል።

ከኒኬል ሌላ ሮዲየም፣ ሩተኒየምና ፕላቲነምን የመሳሰሉ ውድ ብረቶችም ይሠራሉ። ከእነዚህ ሮዲየም በሥራው በጣም ፈጣን ነው። ነገር ግን በ2021 ዓ.ም. የአንድ አውንስ ሮዲየም ዋጋ ወደ 30 ሺህ ዶላር ተጠግቶ እንደነበር ስናስብ፣ ድሃ አገር ለምን ከኒኬል ጋር እንደምትኖር ይገባናል።

ሠ. ጥላሸትና መርዝ

ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በምድጃው ውስጥ ግን ሁለት ጠላቶች አሉት።

የመጀመሪያው ጥላሸት ነው። ዘይት እንደ ተፈጥሮ ጋዝ ቀላል ሞለኪውል አይደለም። ሲሞቅ ከካታሊስቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሰባበራል፣ ይጣበቃል፣ ይከስላል። በተለይ እንደ ኑግ ድርብ ማሰሪያ የሚበዛበት ዘይት በዚህ የታወቀ ነው። ዘይት ደጋግሞ የተጠበሰበትን መጥበሻ ያጠበ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከሰሉ የኒኬሉን ገጽ ሲሸፍን ሽማግሌው አፉ ተዘጋ ማለት ነው። መድኃኒቱ እንፋሎቱን ማብዛት ነው፤ በተግባርም ለአንድ ካርቦን ሦስትና ከዚያ በላይ የውሃ ሞለኪውል ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ጥቂት ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም ወይም ሴሪየም ከካታሊስቱ ጋር መቀላቀል ከሰሉ ቶሎ በእንፋሎት እንዲጠረግ ይረዳል።

ሁለተኛው መርዝ ነው። ድኝና ፎስፈረስ ከኒኬል ጋር ተጣብቀው አይለቁም። ያልተጣራ ዘይት ፎስፈረስ ያለበት ሙጫ አለው፤ ይህም በሙቅ ውሃ ታጥቦ መውጣት አለበት። የጎመንዘር ዘር ደግሞ እንደ ሰናፍጭ ዘመዶቹ የሚሰነፍጠው ድኝ ባላቸው ውሑዶች ነውና ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ረ. እስካሁን የተደረጉ ሙከራዎች

ነገሩ ሕልም አለመሆኑን ለማሳየት ሦስት ምሳሌዎችን እንጠቅሳለን።

አንደኛ፦ በስፔን ታራጎና በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 ዓ.ም. ገደማ የሱፍ አበባ ዘይትን ከእንፋሎት ጋር በኒኬል ካታሊስቶች ላይ አሳልፈው ወደ ሃይድሮጅን ለውጠዋል። በፋብሪካ የሚሠራ ተራ ካታሊስት ዘይትንም ሊያስተናግድ እንደሚችል ያስረዳ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፦ በእንግሊዝ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ቫለሪ ዱፖንና ጓደኞቿ በ2004 ዓ.ም. ከሱፍ አበባ ዘይት ሃይድሮጅን የሚያወጣ ዘዴ አቀረቡ። በዚህ ዘዴ ተራ በተራ አየር፣ ከዚያም ዘይትና እንፋሎት ይገባል። አየር ሲገባ ኒኬሉ ይዝግና ሙቀት ይሰጣል፣ የተቀመጠውንም ከሰል ያቃጥላል። ዘይት ሲገባ ኒኬሉ ከዝገቱ ተላቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ክፍል በምግብ ማብሰያነት አገልግሎ በሚጣል ዘይት ሞክሮታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዝ ዶሎማይት የተባለ ድንጋይ ሲጨመርበትም የሃይድሮጅኑ ጥራት ከፍ ብሏል።

ሦስተኛ፦ በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ላኒ ሽሚትና ተማሪዎቹ በ2006 ዓ.ም. የአኩሪ አተር ዘይትን በጥቃቅን ጠብታ መልክ በጋለ የሮዲየምና የሴሪየም ካታሊስት ላይ ረጩት። ጠብታው ከሴኮንድ ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተንኖ ስለሚለወጥ ለመክሰል ጊዜ አያገኝም። ሙቀቱም የሚገኘው ከዘይቱ ከፊሉ እዚያው በአየር ስለሚቃጠል ነው፤ የውጭ ምድጃ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ይቻላል ወይ? ይቻላል። የሚቀረው «ያዋጣል ወይ? ለማንስ?» የሚለው ነው።

ሰ. ሂሳቡ

የክበባችን ጥያቄ ስለ ማዳበሪያ ነበርና ሂሳቡን በአንድ ኩንታል ዩሪያ እንሥራው። 100 ኪሎ ዩሪያ ለመሥራት ወደ 57 ኪሎ አሞኒያ ያስፈልጋል። ለዚህም 10 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ይጠይቃል። ከዘይት ብናወጣው ጣሪያውን እንኳ ብንደርስ 28 ኪሎ ዘይት ይፈጃል። ለሙቀት የሚቃጠለውንና የሚባክነውን አስበን ከጣሪያው ሰባ በመቶውን ብናገኝ ወደ 40 ኪሎ ዘይት ይሆናል። የኑግ ዘር ከመቶ አርባው ዘይት ነው ብንል፣ 40 ኪሎ ዘይት የሚወጣው ከአንድ ኩንታል ኑግ ነው፤ ያውም መጭመቂያው አንድ ጠብታ ሳያስቀር።

መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ኩንታል ዩሪያ ለማግኘት አንድ ኩንታል ኑግ። ከሄክታር ጥቂት ኩንታል ኑግ ለሚያገኝ ገበሬ ይህ ማዳበሪያ ሳይሆን ዕዳ ነው። ከዚህም በላይ አገራችን ለምግብ የሚሆነውን ዘይት አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ ናት። ከሕዝብ ወጥ ላይ ዘይት ወስዶ በምድጃ ውስጥ ጨምሮ፣ ከዚያም የጎደለውን ፓልም ዘይት በዶላር መግዛት የማንንም ጥቅም አይጠብቅም።

ሌላውን መንገድ እናነጻጽር። ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማግኘት ወደ 55 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ለአንድ ኩንታል ዩሪያ የሚበቃው ሃይድሮጅን 550 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። 100 ሜጋዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሠራ ወደ 1.6 ሚሊዮን ኩንታል ዩሪያ የሚበቃ ሃይድሮጅን ይሰጣል። በ2025 ዓ.ም. መስከረም ወር የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የተተከለበት ኃይል 5,150 ሜጋዋት ነው። በዘይት መንገድ ለዚሁ ሃይድሮጅን 1.6 ሚሊዮን ኩንታል ኑግ ያስፈልግ ነበር።

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ብዙዎቻችን በምናውቀው በዚህ አካባቢ፣ በግብፅ አስዋን፣ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ከግድቡ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ውሃ እየተከፈለ ማዳበሪያ ሲሠራ ኖሯል፤ በኋላ ፋብሪካው ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ተዛውሯል። መዛወሩም ትምህርት ነው፤ መንገዱ ያዋጣ አያዋጣ የሚወስነው የጋዝና የመብራት ዋጋ መሆኑን ያሳያል።

ሸ. ከዚህ ቀደም ያየነው

ሂሳብ ሳይሠራ በዘይት ተክል ላይ ተስፋ ሲጣል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የባዮፊዩል ስትራቴጂ ካወጣች በኋላ ጃትሮፋና ጉሎ ለማልማት ብዙ መሬት ለባለሀብቶች ተሰጠ። ጃትሮፋ በደረቅ፣ ለእርሻ በማይሆን መሬት ላይ ያለ ድካም ይበቅላል ተብሎ ነበር። መብቀሉስ ይበቅላል፤ ነገር ግን በደረቅ መሬት ላይ የበቀለ ተክል ፍሬውም ደረቅ ነው። ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች የታሰበውን ዘይት ሳይሰጡ ቆሙ። ስሕተቱ የኬሚስትሪ አልነበረም። መሬቱን የሚያውቀው ገበሬ አስቀድሞ አለመጠየቁ ነበር።

የጎመንዘር ታሪክ ደግሞ ሌላ ገጽ ያሳየናል። ጎመንዘር የአገራችን ተክል ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሙሉ በሙሉ ከጎመንዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ አውሮፕላን አበረረ። ያ ዘይት የተጨመቀው እናቶቻችን ከሚዘሩት ጎመንዘር ዘመድ ነው። ዘሩን ያሻሻሉት፣ ሂሳቡን የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። የእጃችንን ተክል ዋጋ ከሰው አፍ እስክንሰማ መጠበቅ የለብንም።

ቀ. ታዲያ ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን የደረስንበትን በአጭሩ እናስቀምጣለን።

1ኛ. ለምግብ ከሚሆን ዘይት፣ ማለት ከኑግ፣ ከሰሊጥና ከሱፍ ሃይድሮጅን ማውጣት አይገባም። የሚከለክለን ኬሚስትሪው ሳይሆን ሂሳቡና የሕዝቡ ፍላጎት ነው።

2ኛ. በየሆቴሉና በየምግብ ፋብሪካው ተጠብሶበት ወደ ቦይ የሚደፋ ዘይት፣ እንዲሁም ከባዮዲዝል ሥራ የሚተርፈው ግሊሰሮል ለዚህ ሥራ የተሻሉ ናቸው። አንድ ሊትር ዘይት ቢበዛ 3,700 ሊትር ያህል የሃይድሮጅን ጋዝ ይሰጣል። ሃይድሮጅንን ማከማቸትና ማጓጓዝ ከባድ ስለሆነ፣ ዘይቱን በጀሪካን ይዞ በሥራው ቦታ መለወጥ ለላቦራቶሪና ለአነስተኛ ሥራ ጥቅም አለው። የአገርን ማዳበሪያ ግን አይሸከምም።

3ኛ. የማዳበሪያን ጥያቄ የሚመልሰው ጋዙ ወይም ወንዙ ነው።

4ኛ. በየትኛውም መንገድ ብንሄድ ግን የካታሊስት ዕውቀት ግድ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጅን የሚሆነው በዚያው በኒኬል ነው፤ አሞኒያ የሚሠራው በብረት ካታሊስት ነው። ፋብሪካ በብድር ተገዝቶ ካታሊስቱ ሲመረዝ የሚያክም የአገር ልጅ ከሌለ፣ ፋብሪካው የእኛ ሆነ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ያን ምሽት የተከራከሩት ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘው ነበር። «ሕልም ነው» ያልነው ተሳስተናል፤ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ሠርተውታል። «ለምን አንሠራውም?» ያልነውም ተሳስተናል፤ አንድ ኩንታል ለአንድ ኩንታል ሆኖ አግኝተነዋል። ጥያቄውን ያነሣው ጓድ ግን አልተሳሳተም። እርሱ ባይጠይቅ ኖሮ ሂሳቡን አንሠራውም ነበር።

ዛሬ በዚህ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪና በኬሚካል ምሕንድስና ክፍሎች የምንማር ኢትዮጵያውያን በጣት የምንቆጠር ነን። የመመረቂያ ጥናት ርእስ የምንመርጥበት ጊዜም እየደረሰ ነው። ርእሱን ስንመርጥ ከመምህሩ መደርደሪያ ላይ የተገኘውን ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ቀን አገር ቤት የሚጠየቀውን ብናስብ መልካም ነው። ጉሎ፣ ጎመንዘር፣ የተጣለ ዘይት፣ የኒኬል ጥላሸት፤ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚሠራ አባል ካለ የሚቀጥለው የጥናት ክበብ መድረክ ለእርሱ ክፍት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሂሳብ ስሕተት ያገኘ አንባቢም ለአዘጋጁ ክፍል ጽፎ ያርመን ዘንድ እንጠይቃለን።